የእትዬ ካውያ ቂም

ሰፈሩ በሙሉ «ካውያ» ይላታል፤ ትንንሾቹ ደግሞ አክብረው «እትዬ ካውያ»። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው የሚሉ አሉ፣ በምላሷ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ የምትገኝ ጠባብ የልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ቤት አለቻት። ባሏ ከሞተባት ወዲህ በዚያች እንፋሎት በማይጠፋባት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቆማ አንዲት ልጇን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ አድርጋለች። እጇን ዘርግታ «ስጡኝ» ስትል የሰማት ሰው የለም። የተጨማደደ ልብስ ለብሳ ያያት ሰውም የለም። የቤት ሽርጧን ሳይቀር ትተኩሳለች። ልጇ ትንሽ ሳለች «እማዬ፣ ካልሲም ይተኮሳል እንዴ?» ብላ ብትጠይቃት፣ «እግርስ የሰው አይደለም?» ብላ መለሰችላት አሉ።

ያ ሰዓሊ የነካው እንግዲህ ይህችን ሴት ነው። ነብር አየኝ ማለት የነበረበት ያኔ ነው፤ ምን ያደርጋል፣ አላወቀም።

ነገሩ የመጣው ከጋለሪው ነው። ጋለሪው ከካውያ ቤት ማዶ፣ ድሮ የጨርቅ መጋዘን የነበረው አዳራሽ ውስጥ ነው ያለው። ለዓመታት ተዘግቶ አይጥ ሲፈነጭበት ከኖረ በኋላ፣ አሁን ሥራ አስኪያጅ የሆነችው ሴት ከፍታ ነጭ ቀለም አስቀባችው። ይህች ሥራ አስኪያጅ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ «መነጽሬን ያያችሁ?» እያለች የምትዞር ሴት ናት፤ ግን ሞኝ አይደለችም። በሩ ላይ «መግቢያ ነጻ ነው፤ ለሰፈሩ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ» ብላ አስጻፈች። ሰፈሩ መጀመሪያ ፈራ። ነጻ ነገር መጨረሻው አያምርም ብሎ በር በሩን እያየ አለፈ። የተማሪ ልጆች ሥዕል ሲሰቀል ግን ወላጅ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ገባ፤ የገዛ ልጁን ሥዕል ሲያደንቅ፣ የጎረቤቱን ልጅ ሥዕል ሲያማ ዋለ። ቀጥሎ የአሮጌ በሮች ፎቶግራፍ ቀረበ። ባለ ልኳንዳው «በር ለማየት ምን አስኬደኝ፣ ቤቴ በር የለኝም?» ብሎ ሲያበቃ ሰው አየኝ አላየኝ እያለ ተመላልሶ ጎበኘው። አናጺዎች ወንበሮቻቸውን አሳዩ፤ «አትቀመጡ» የሚል ወረቀት ቢለጠፍም የሰፈሩ አሮጊቶች «ወንበር ካልተቀመጡበት ለምኑ ነው?» ብለው ተቀምጠው ሲያወጉ አመሹ። ሥራ አስኪያጇ በዚህ አላበቃችም። በጭነት መኪና ሥዕል ጭና ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ ማረሚያ ቤቱ፣ ወደ አረጋውያን መጦሪያው ትሄዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለአዋቂዎች በነጻ የሥዕል ትምህርት አለ። እውነቱን ለመናገር ካውያ ጋለሪውን ትወደው ነበር። ለምረቃ ቀን የጠረጴዛ ልብሶቹን በአሚዶ አድርቃ፣ ተኩሳ፣ ራሷ ተሸክማ ያደረሰችው እሷ ናት።

ታዲያ አንድ ጊዜ «የሰፈራችን ፊቶች» የሚል ዐውደ ርዕይ ይዘጋጃል ተባለ። የቅዳሜውን ትምህርት የሚያስተምረው ሰዓሊ በየቤቱ እየዞረ ሰው ይመርጥ ጀመር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያይ ቀኝ ዓይኑን ጨፈን የሚያደርግ ሰው ነው። ወደ ካውያ ቤት ሲመጣ ደስ አላት። ከዚህ ሁሉ ሰው እኔን መረጠኝ ብላ ኮራች። ሥራዋን ዘጋች፤ ነጭ ኮሌታ ያለውን ሰማያዊ ቀሚሷን ተኮሰች፤ ለበሰች፤ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሰዓሊው ፊቷን ሲስል ከቆየ በኋላ ካውያ አቃጥሎዎት ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቃት። ምን ጥያቄ አለው! መዳፏን ዘርግታ ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ የሚወርደውን ጠባሳ አሳየችው። ልጇን ጡት እያጠባች ስትተኩስ ያገኛት ነው። እሱ ታሪኩን እየሰማ ያንን የተዘረጋ እጅ ሳለው። እንዲህ ያዙት፣ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት አላት፤ እሷም ዝቅ አደረገችው።

የመክፈቻው ቀን ከልጇ፣ ከልጇ እጮኛና ከእጮኛው እናት ጋር ሄደች። ሁለቱ ቤተሰቦች ገና መተዋወቃቸው ነው፤ ካውያ የጋበዘቻቸው ለመኩራት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። አዳራሹን ዞረው ዞረው ሥዕሉ ጋ ደረሱ። ፊቱ የሷ ነው፤ አንዲት ሽብሽብ አልቀረችም። ከአንገት በታች ግን ቡትቶ ለብሳለች። የተጨማደደ፣ የተቀደደ፣ እድፍ የጠገበ ቡትቶ። ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብላ መዳፏን ለአላፊ አግዳሚው ዘርግታለች፤ ጠባሳው የለም። ከሥሩ ያለው ካርድ ላይ «ያጣች» ይላል።

የእጮኛው እናት ቀስ ብላ «ይሄ… እርስዎን አይመስልም?» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ምን ትበል ሴትዮዋ። የልጇ ፊት ግን ቲማቲም መሰለ። ካውያ ሰዓሊውን ከሰው መሐል ጎትታ አወጣችውና ይሄ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። እሱም እንደ መምህርነቱ ተረጋግቶ ሥዕል ፎቶግራፍ አለመሆኑን አስረዳት።

«እትዬ፣ ይሄኮ እርስዎ አይደሉም። ሐሳብ ነው» አላት።

«ሐሳቡ ታዲያ በማን ፊት ነው የሚለምነው?» አለችው።

እሱ ፈገግ ብሎ ሌላ እንግዳ ሊቀበል ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰፈር ያለው ሰው ያውቀዋል። ሰፈር እኮ ርኅራኄም አለው፣ ቀልድም አለው፤ መጀመሪያ የሚመጣው ግን ቀልዱ ነው። አንድ ቦዘኔ ሥዕሉ ሥር ሳንቲም ጥሎ ሄደ። ሲያዩት ሌሎቹም ጣሉ። ካውያ በመንገድ ስታልፍ ጫኝና አውራጆቹ «ካውያ፣ ዛሬስ ስንት ገባ?» ይሏታል። እሷ መልስ አታጣም፤ አንዱን «ላንተ መግዣ የሚሆን አልሞላልኝም» ብላ አስቃበታለች። ቤቷ ገብታ ግን ጥርሷን ትነክሳለች። ጥርስ ንክሻውም የማይበቃበት ቀን መጣ። ልጇ ከሥራ ቀይ ዓይን ይዛ ገባች። አንድ ደንበኛ መድኃኒት ገዝቶ መልሱን ስትሰጠው «ተይው፣ ለእናትሽ ስጪልኝ» ብሎ ትቶላት ሄዶ ኖሯል። ልጅቷ አልጋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ካውያ ጀርባዋን እየዳበሰች፣ «ልጄ፣ ይቺን ሥዕል ሳላስወርድ ብቀር ካውያ አይበሉኝ። ላንቺ ስል አስወርዳታለሁ» አለች።

ያን ቀን ካውያ የማለችው በእውነቷ ነው። ሥዕሉ ይወርዳል፣ ልጇ ቀና ብላ ትሄዳለች። ሌላ ምን ትፈልጋለች?

በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ሄደች። ሥራ አስኪያጇ አዳመጠቻት፣ አዘነችም፤ ግን ሥዕሉ የሰዓሊው ንብረት ነው፣ እሱ ካላነሣው እኔ አላነሣውም አለቻት። ይባስ ብሎ ያ ሥዕል በመጪው ዓመት በመኪና ተጭነው ከከተማ ከተማ ከሚዞሩት ሥራዎች መሐል ተመርጧል። ካውያ ይህን ስትሰማ ወገቧን ያዘች። አንድ ሰፈር ያልበቃው ልመና አገር ላገር ሊዞር ነው! ሥራ አስኪያጇም መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ እያጸዳች፣ ግድግዳው የርስዎም ነው፣ የቅዳሜ ተማሪዎች በዓመቱ መጨረሻ ያሻቸውን ሥለው ይሰቅላሉ፣ ምን ሣላችሁ የሚል የለም አለቻት። ሴትዮዋ ይህን ያለችው ለማጽናናት ይሁን ለመተንኮስ እስካሁን አይታወቅም።

ቅዳሜ ሲደርስ ካውያ ቀሚሷን ተኩሳ፣ አዲስ ደብተር ገዝታ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሰዓሊው ደስ አለው። የታረቀችው መሰለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለውን እንዴት ዘንግቶት እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት መውጋቱንም አያውቀው ይሆናል። «እንኳን መጡ እትዬ» ብሎ እጇን ጨበጣት። እሷም «እንኳን ደህና ቆዩኝ መምህር» ብላ በጥርሷ ሣቀችለት። ጎረቤቶቿ እንኳ ካውያ ልቧ ራርቷል፣ ዕድሜ መሆን አለበት ብለው አወሩ። ለጸሎት ስትሄድ የምታገኛት ባልንጀራዋ ብቻ ፊቷን አይታ፣ «አንቺ ሴት፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲሉ አልሰማሽም?» ብላታለች።

ሥዕሉ ግን እንደ ቂሙ ቶሎ አልመጣላትም። እንቁላል ሳሉ ሲባል የሷ እንቁላል ድንች ሆነ። ጽዋ ስትስል አንገቱ ተጣሞ ሰከረ። ጎኗ የሚቀመጠው ጡረታ የወጣ ሹፌር አበባም ታዞ፣ ድመትም ታዞ የሚስለው አውቶቡስ ነው፤ እሱ እንኳ ደብተሯን አየት አድርጎ «አይዞሽ፣ ፍሬን ያዝ እያደረግሽ ነው» አላት። ሌላው ሰው ቢሆን ይተወዋል። እሷ ግን እልህ ይዟታል፤ እልህ ደግሞ ምላጭ ያስውጣል። በሥራ ቦታዋ ልብስ በሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ በከሰል ትስላለች፣ ትደመስሳለች፣ ትስላለች። አንድ ቀን አፍንጫ ስታስተካክል የባለ ልኳንዳውን ሸሚዝ ጀርባ አቃጠለችው። በሥራ ዘመኗ ልብስ አቃጥላ አታውቅም። አዲስ ሸሚዝ ገዝታ ተካችለት፤ ወደ አፍንጫው ተመለሰች። ልጇ ማታ ማታ ጣቶቿ ጠቁረው ስታያት «እማዬ፣ ምንድን ነው የምትስዪው?» ትላታለች። «ላንቺ ነው» ትላታለች እሷ።

ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲጋመስ መስመሮቿ ቆሙ። ፊት ፊት መምሰል ጀመረ። ሰዓሊው ደብተሯን ለክፍሉ ከፍ አድርጎ እያሳየ፣ እዩ ትዕግሥት ማለት ይሄ ነው ይላል። ምስኪን! ትዕግሥቱ ለማን እንደሆነ ቢያውቅ ከክፍሉ ሮጦ በወጣ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሞዴል ሆኖ የሚቀመጥላቸው ዘበኛ ወገቡን አሞት ቀረ። ሰዓሊው ወንበሩን ስቦ መሐል ላይ ተቀመጠና ዛሬ እኔን ሳሉኝ አለ። ከሩቅ በስርቆሽ ስታየው የከረመችውን ፊት አሁን ፊት ለፊት ፈታ ብላ አየችው። ያንን የቀኝ ዓይኑንም ያኔ ነው በደንብ የለየችው። እሱ ሰው ሲያይ እንደ ሰው አያይም፤ ገበያ ላይ የቱን ላንሣ ብሎ እንደሚዳብስ ገዢ ነው የሚያየው። እኔንም ያኔ እንዲህ ነው ያየኝ አለች በልቧ። ዓይኑን እንዳለ ወረቀቱ ላይ አስቀረችው።

ቤቷ ስትገባ ምን እንደምታለብሰው አሰበች። ቡትቶ? እሱማ የሱ ሥራ ነው፤ እሱኑ መድገም ስንፍና መሰላት። በመጨረሻ እንዲህ አድርጋ ሳለችው። ከተደረደሩ የተተኮሱ ልብሶች ፊት ቆሟል። አንዲት ነጭ ኮሌታ ያላትን ሰማያዊ ቀሚስ ከማንጠልጠያዋ አውርዶ ብብቱ ሥር እየወሸቀ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ በዚያ በተጨፈነች ዓይኑ ወደ ኋላ ዞሮ ይመለከታል። በፊቱ ላይ የጨመረችው ነገር የለም። ልብሱን ደግሞ እንዴት እንደሚወድቅ፣ እንዴት እንደሚታጠፍ ከሷ በላይ ማን ያውቃል? ለካርዱ ርዕስ ሲጠይቋት «የወሰደ» ብላ አስጻፈች።

የተማሪዎቹ ዐውደ ርዕይ በተከፈተ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሹፌሩ አውቶቡሱን ሰቅሎ አጠገቡ ቆሞ ትኬት የሚቆርጥ ይመስላል። ሥራ አስኪያጇ የካውያን ሥዕል የሰቀለችው «ያጣች» ጎን ነው። ቦታ ጠፍቶ ነው አለች፤ ይመናት የሚያምናት። ሰው መጀመሪያ አንዱን አየ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ እንደገና አንዱን። ሴትዮዋ ላይ የሌለው ቀሚስ ሰውየው ብብት ሥር ነው። ሹፌሩ ሣቁ አመለጠው፤ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ በሣቅ ፈረሰ። ልጆች ጣታቸውን ቀስረው «ሌባው! መምህር ሌባው!» እያሉ ይዘሉ ጀመር።

ሰዓሊው በሰው መሐል አልፎ መጣ። ከንፈሩ ነጥቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ እኔ በሕይወቴ የሰው ዕቃ ነክቼ አላውቅም» አለ።

«መምህር፣ ይሄኮ እርስዎ አይደሉም» አለችው ካውያ። «ሐሳብ ነው።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ያን ቀን እስከ አፉ ተሰፈረለት። ካውያ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ልጇም ሣቀች፣ እናቷንም አቀፈቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጫኝና አውራጆቹ «ስንት ገባ?» ማለት ተዉ፤ ሰዓሊው ሲያልፍ ልብሳቸውን ጨበጥ ማድረግ ጀመሩ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት?

አልቆመም። ሥራ አስኪያጇ ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን በመኪናው ይሄዳሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይነጣጠልም ብላ ወሰነች። የማይፈልግ ካለ ግን መኪናው ሳይጫን የራሱን ሥራ ማንሣት ይችላል።

መኪናው ሊጫን ሲል ሰዓሊው ወደ ካውያ ቤት መጣ። ቀትር ላይ ነው። ልጇ ለምሳ መጥታ ከተሰቀሉት ልብሶች ጀርባ ጫማዋን ታወልቅ ነበር። ሰዓሊው ሁለቱን ደረጃዎች ወርዶ በሩ ላይ ቆመ፤ ግቡ ሳይባል አልገባም። ከስቷል። የመጣሁት ልለምንዎት ነው አለ፤ ቃሉን ሳያስበው ነው የተጠቀመበት፣ ካውያ ግን ልብ ብላዋለች።

መኪናው መጀመሪያ የሚያርፍባት ከተማ እናቱ ያሉባት ናት። ልጄ ሰዓሊ ነው እያሉ ለሰው ሲያወሩ የኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ሥራውን አይተው አያውቁም። አሁን ይመጣል ሲባል ጎረቤት ሁሉ ጠርተዋል። ፊደል አልቆጠሩም፣ ዓይናቸውም ደክሟል፣ የልጃቸውን ፊት ግን አይስቱትም።

«እኔ የሳልኩትን አነሣለሁ» አላት። «ይኸው ዛሬውኑ አምጥቼ እሰጥዎታለሁ፤ ከፈለጉ ያቃጥሉት። ሁለተኛም አልስለውም። እርስዎ የርስዎን ያንሡልኝ።»

ዓመት ሙሉ የፈለገችው ይሄ አልነበረም? ሥዕሉ ሊወርድ ነው። በእጇ ሊገባ ነው። ልጇ ከልብሶቹ ጀርባ ብቅ ብላ እናቷን አየቻት፤ ዓይኗ «እሺ በይ» ይላል። ሠርጓ ተቃርቧል፤ የእጮኛዋ ዘመዶች የሚኖሩት ያ መኪና በሚያልፍባቸው ከተሞች ነው። «ያጣች» የተባለችው የሙሽራዋ እናት መሆኗን አንድ ሰው ቢያወራ ነገሩ እንደ አዲስ ሊነሣ ነው። ካውያ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ካውያውን አንሥታ ያዘችው፤ መልሳ አቆመችው። ሁለት ፊደል ነው፤ እሺ ማለት። አፏ ድረስ መጣና ተመለሰ። ይሄ ሰው ዛሬ እሺ ብትለው ዛሬ ማታ ተኝቶ ያድራል። እሷ ግን ስንቱን ሌሊት ነው የተገላበጠችው?

«ስንት ገባ ሲሉኝ የት ነበርክ አንተ?» አለችው። «አንቱ» ማለቱን እዚያው ላይ ተወችው። «ልጄ አልጋ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ የት ነበርክ?»

«አላወቅኩም ነበር።»

«እናትህም አታውቅም። ትየው።»

ሰዓሊው ደረጃውን ወጥቶ ሄደ። ልጇ ምሳዋን ሳትበላ ለመነቻት፤ አቅፋ፣ ቀጥሎ ተቆጥታ። ካውያ አንድ ነገር ብቻ እየደጋገመች መለሰች፤ ይየው፣ ይቅመሰው፣ ላንቺ ነው የማደርገው። መኪናው ሲጫን ሄዳ ሁለቱን ሥዕሎች በንጹሕ አንሶላ ጠቅልላ ጎን ለጎን ያስቀመጠቻቸው ራሷ ናት።

ሥዕሎቹን የጫነውን መኪና ሲነዳ የከረመው ያ ጡረተኛ ሹፌር ከጉዞ ሲመለስ መጀመሪያ የመጣው ሸሚዞቹን ሊያሳጥብ ካውያ ቤት ነው፤ ወሬውን ይዞ። አሮጊቷ ያላቸውን ለብሰው፣ ጎረቤት አስከትለው መጥተዋል። የልጄ ሥራ የቱ ነው ብለው ሲጠይቁ «ያጣች»ን አሳዩአቸው። እጁ ይባረክ ብለው ልጃቸውን መረቁ፤ ይህቺን ምስኪን ከፍ ያድርጋት ብለው ካውያንም መረቁ። ከዚያ ጎን ያለውን አዩ። ጠጋ አሉ። የልጃቸው ፊት ነው። ካርዱን አንብቡልኝ አሉ፤ ሹፌሩ «የወሰደ» ብሎ አነበበላቸው። ምን ወሰደ ብለው ጠየቁ። አሮጊቷ በሰው ሁሉ ፊት ሹፌሩን እጁን ይዘው፣ የቀሚሷን ባለቤት አሳየኝ፣ እኔ ልመልስላት፣ እኔ እግሯ ሥር ልውደቅ እያሉ ለመኑት። ጎረቤቶቻቸው ደግፈው አስወጧቸው።

ካውያ ይህን ስትሰማ ከደስታ ብዛት የምትሆነውን አጣች። ደንበኛ በገባ ቁጥር ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች። አሮጊቷ እንዴት እንደጎበጡ፣ «ምን ወሰደ?» ሲሉ ድምፃቸው እንዴት እንደተንቀጠቀጠ፣ የሹፌሩን እጅ እንዴት እንደያዙ አስመስላ ታሳያለች። ባለ ልኳንዳው ሣቀ። ባልንጀራዋ ተነሥታ ወጣች። ካውያ እጇን ዘርግታ ወገቧን ጎንበስ አድርጋ «የቀሚሷን ባለቤት አሳየኝ» እያለች ሳለ ልጇ በር ላይ ቆማ ነበር።

ልጅቷ አልጮኸችም። «ዓመት ሙሉ ለኔ ነው ስትይኝ ነበር» አለች። «ለኔ አልነበረም፣ እማዬ።» ዞራ ሄደች።

ካውያ ልጅ ናት፣ ይበርድላታል ብላ ተወችው። ልጅቷም ወግ አላቋረጠችም፤ እየመጣች ደህና ዋልሽ ትላለች፣ ስለ ሠርጉ ዝግጅት የተጠየቀችውን ትመልሳለች። የሠርጉ ሳምንት ሲደርስ ካውያ የሌላ ሰው ልብስ አልቀበልም አለች። የመተኮሻ ጠረጴዛዋን ጨርቅ ቀየረች፣ አዲስ ነጭ አንሶላ አለበሰችው፣ የካውያውን ሆድ በኮምጣጤ አጠበች። የልጇን የሙሽራ ቀሚስ ለመተኮስ ነው። ይህንን ቀን ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ስትጠብቀው የኖረች ሴት ናት። ቀሚሱ አልመጣም። ነገ ይመጣል አለች። በነጋታውም አልመጣም።

ከገበያው ወዲያ ማዶ አንዲት ሌላ መተኮሻ ቤት አለች፤ ባለቤቷ ገና ጀማሪ ናት፣ ካውያ ስታማት የኖረች። በዚያ ስታልፍ መስኮቱ ላይ የተሰቀለ ነጭ ቀሚስ አየች። ልኩን፣ አንገቱን፣ እጅጌውን አየች። ወገቡ ላይ ያልወጣ እጥፋት አለ። ገባች።

«ይቺ የልጄ ናት» አለች።

«አዎ እትዬ» አለች ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ። «እሷው ራሷ መጥታ ትወስደዋለች።»

«ወገቡ አልወጣም። ወዲህ በይው፣ እኔ ላስተካክለው።»

ሴትዮዋ ቀሚሱን ከመስቀያው አውርዳ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ለናቴ እንዳትሰጪ ብላኛለች።»

ካውያ በውስጥ በኩል አዙሪው፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊበት፣ እሳቱን ቀንሺው ብላ ነገረቻትና ወጣች። ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ከመስኮቱ ውጪ መንገዱ ላይ ቆመች። ሴትዮዋ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ወገቡን ስትደግመው አየች። እጥፋቱ አልወጣም። ሴትዮዋ ቀና ብላ በመስታወቱ አየቻትና እንደገና ጎንበስ ብላ ደገመችው።